የማይሸጥ ቤት
(ልደታ ላይ የተደረገ ምልልስ)

ሁለቱ ተነጋጋሪዎች ከብዙ ሰው ጨዋታ የተቀመሙ ናቸው፤ ስለዚህ ስም አላወጣሁላቸውም። የሚጠሯቸው ቦታዎች፣ ዓመቶችና አዋጆች ግን እውነተኛ ናቸው። እሱ ዕድሜውን በቤት ግንባታ ሥራ ያሳለፈ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤት ያለው ጡረተኛ መሐንዲስ ነው። እሷ እዚያው ሰፈር ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይታ የምትኖርና በዚያችው ቤት የምትሥል ሠዓሊ ናት። ጨዋታው የሚጀምረው ከሕንፃ ኮሌጁ ብዙም ሳይርቅ፣ ባቡሩ በድልድይ ላይ ከሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ጀበና ቡና እየጠጡ ነው።

ሠዓሊዋ፦ ጋሼ፣ እናንተ የሠራችሁት ቤት ሥዕሌን አላስወጣ አለኝ።

መሐንዲሱ፦ እንዴት ሆኖ?

ሠዓሊዋ፦ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ሸራ ወጥሬ ሠርቼ ጨረስኩ። በሩን አዘንብዬ አወጣሁት እንበል፤ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ያዘኝ። ከፍሬሙ ነቅዬ፣ ጠቅልዬ ወርጄ፣ ታች መልሼ ወጠርኩት። ወፍራሙ ቀለም ተሰነጣጠቀ። ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ደግሞ የተርፐንታይኑ ሽታ ልጄን አሳለብኝ ብላ ለሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር ከሳኛለች። እውነቷን ነው፤ እኔንም ያስለኛል።

መሐንዲሱ፦ እኛ የሠራነው ለመተኛ ነዋ። ትንሿ እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንዱ መኝታ ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለቱ እስከ 45። አልጋ፣ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን ይገባል ብለን አሰብን። ሸራ የሚወጥር፣ ሳክስፎን የሚነፋ፣ እንጨት የሚጠርብ ሰው ይገባበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ደግሞም ቸኩለን ነበር። በ1997 ተመዝገቡ ሲባል ስንት መቶ ሺህ ሰው ነው የተሰለፈው! በ2005 ደግሞ ከ900 ሺህ በላይ ሆነ። በዚያ ላይ ስለ ሥዕል ማን ይጠይቅሃል?

ሠዓሊዋ፦ አልወቅስዎትም። የምለው ሌላ ነው። መንግሥት ለከያኒ የሚኖርበትም የሚሠራበትም ቤት ሠርቶ፣ በአቅሙ ቢያከራየው ምን ነበረበት? በሌላው ዓለም እኮ አለ።

መሐንዲሱ፦ እዚህም ነበረ።

ሠዓሊዋ፦ የት?

መሐንዲሱ፦ እዚሁ። ይኸ ብሎክ የቆመበት።

ሠዓሊዋ፦ የቀበሌ ቤት ሊሉኝ ነው?

መሐንዲሱ፦ እንዴታ! ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሄደ። ኪራዩም በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ብዙ የቀነሰው ለድሃው ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ሰፈር ምን ይመስል እንደነበር አስቢው። መሀል ከተማ፣ ለሥራ ቅርብ፣ ኪራዩ እዚህ ግባ የማይባል። በአንዱ ግቢ ውስጥ አንዷ ጠላ ትጠምቃለች፣ አንዱ ጫማ ይሰፋል፣ አንዱ ክራር ይቃኛል፣ አንዱ የሆቴል ማስታወቂያ በቆርቆሮ ላይ ይጽፋል። ግቢው ወርክሾፕ ነው። በሩ ደጅ ላይ ይከፈታል። ሸራሽን ይዘሽ ደረጃ አትወርጅም።

ሠዓሊዋ፦ ለከያኒ ተብሎ ግን አልነበረም።

መሐንዲሱ፦ አልነበረም። እኔ የሚደንቀኝም ያ ነው። ማንም ሳያቅደው ነው የሆነው። ኪራዩ ትንሽ ሲሆን ሰው ጊዜ ያገኛል። ገንዘብ የማያመጣ ሥራ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጊዜ ነው የሚፈልገው።

ሠዓሊዋ፦ ጋሼ፣ ትዝታው ጣፈጥዎትሳ! ጣሪያው የሚያፈሰው፣ ሽንት ቤቱ ለስንት አባወራ አንድ የሆነው፣ ግድግዳው በክረምት የሚያብጠውስ?

መሐንዲሱ፦ እሱንም አልክድም። ጭቃና እንጨት ነበር። ኪራዩ ለሚስማር እንኳ ስለማይበቃ ቀበሌው አይጠግንም፤ ተከራዩም የእኔ አይደለም ብሎ አይጠግንም፤ ልጠግን ቢልም ፈቃድ ይጠየቃል። እንዲህ ሆኖ ነው የተበላሸው። እና ትምህርቱን እንውሰድ ከተባለ፣ ኪራዩ ትንሽ ይሁን፤ ጣሪያ ከሚያስጠግን በታች ግን አይውረድ።

(ጸሐፊው ጣልቃ ይግባ፦ ስለ ቀበሌ ቤት ሲወራ ወይ ገነት ይደረጋል ወይ ቆሻሻ ሰፈር። መሐንዲሱ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መያዙ ነው ይኸን ምልልስ እንድጽፍ ያደረገኝ።)

ሠዓሊዋ፦ ከዚያስ መልሶ ማልማት መጣ።

መሐንዲሱ፦ መጣ። ልደታ መሀል ከተማ ላይ በስፋት ፈርሶ በኮንዶሚኒየም ከተተኩት ሰፈሮች ከመጀመሪያዎቹ ናት። ለቀበሌ ተከራዩ ምርጫ ተሰጠው፦ ወይ ኮንዶሚኒየም ግዛ፣ ወይ ሌላ ቦታ ምትክ የቀበሌ ቤት ውሰድ። ቅድመ ክፍያው ያልሞላለት ሁለተኛውን መረጠ። ክራር ቃኚውና ማስታወቂያ ጸሐፊው የት እንደደረሱ አላውቅም። አብረው አለመሄዳቸውን ግን አውቃለሁ፤ ምትክ ቤት የሚሰጠው ለአባወራ እንጂ ለግቢ አይደለም።

ሠዓሊዋ፦ ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ትዝ አሉኝ። አንድ ጊዜ የጥለት ቀለም ልመለከት ሄጄ ነበር። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ነው መርገጫውን የሚረግጠው። መሬቱ ተቆፍሮ ነው ዕቃው የሚተከለው። ያ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ቢደርሰው ምን ይቆፍራል? የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ?

መሐንዲሱ፦ (ይስቃል) የኮንዶሚኒየም ዕጣው ሲደርሰው እልል ብሎ፣ አከራይቶት እዚያው ሽሮ ሜዳው ይቀራል። ብዙ ሰው ያደረገው እሱን ነው። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ገባሽ። የኮንዶሚኒየም ቤት በመንግሥት ድጎማ የተሠራ ቤት ነው። መሬቱ በሊዝ አልተሸጠም፤ መንገዱንና ውኃውን ከተማው ነው ያወጣበት፤ ግንባታው በንግድ ባንክ ብድር ነው የቆመው። ያ ሁሉ ድጎማ ግን ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ይሰጣል። አምስት ዓመት አትሽጥ ይባላል፤ አምስት ዓመት ደግሞ እንደ ጉድ ነው የሚሮጠው። ከዚያ በገበያ ዋጋ ይሸጣል። ቤቱ ለድሃ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንቺ ዛሬ የምትከራዪው ቤት በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ነው፤ የምትከፍዪው ግን ደላላው የነገረሽን ነው።

ሠዓሊዋ፦ ኪራዩ አሁን እንኳ በሕግ ታስሯል። አዋጅ ቁጥር 1320 በ2016 ከወጣ ወዲህ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ነው። ቢያንስ በየሦስት ወሩ ሸራ ጠቅልዬ አልዞርም።

መሐንዲሱ፦ ጥሩ ነው። ሆኖም ያ ሕግ ኪራዩ የሚያድግበትን ፍጥነት ነው የሚይዘው፤ መነሻውን አያወርድልሽም።

ሠዓሊዋ፦ ታዲያ ዕጣ ውስጥ ለከያኒ ኮታ ቢያዝስ? ለሴቶች 30 በመቶ ተይዟል፤ ለመንግሥት ሠራተኛም፣ ለአካል ጉዳተኛም ተይዟል።

መሐንዲሱ፦ እኔ እቃወማለሁ።

ሠዓሊዋ፦ ለምን? አሁን እኮ ለእኔ የቆሙ መስሎኝ ነበር።

መሐንዲሱ፦ ኮታው ለአንቺ ቤት ያስገኝልሻል። አንቺም ከአምስት ዓመት በኋላ ትሸጪዋለሽ። አትሽጪ አልልሽም፤ ልጅ ይኖርሻል፣ እናትሽ ትታመማለች። ከዚያ በኋላ የምትመጣው ሠዓሊ ምን ታገኛለች? ደግሞ ከዜሮ። 40/60 የሚባለውን የቁጠባ ቤት አላየሽም? ሰንጋ ተራና ክራውን ሳይት 1,292 ቤት በ2009 ሲወጣ፣ ዕጣው ውስጥ የገባው ሙሉውን 100 በመቶ ያስቀመጠ ነው። 40 ይበቃል ተብሎ የቆጠበው ቆሞ ቀረ። የሚሸጥ ቤት ምንጊዜም ወደ ገንዘቡ ያዘነብላል። ዕጣውስ ቢሆን? በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። ለከያኒ የሚሆነው ቤት የማይሸጥ ነው። ባለቤቱ ከተማው፣ ነዋሪው ተከራይ። ሰው ይለዋወጣል፣ ቤቱ ይቆያል።

ሠዓሊዋ፦ ለአንጋፋ ከያኒ ቤት ሲበረከት፣ ቁልፍ ሲሰጥ በቴሌቪዥን የምናየውስ?

መሐንዲሱ፦ እሱ ደግ ነገር ነው። ታሞ፣ አርጅቶ፣ ሕዝብ ያወቀውን ሰው መርዳት ማን ይጠላል? ግን እሱ ስጦታ ነው፤ ስጦታ የሚደርሰው ለታወቀ ነው። ቤት የሚያስፈልገው ከመታወቁ በፊት ነው። አንቺ ሠላሳ ዓመት ጠብቀሽ፣ ታመሽ፣ ካሜራ ፊት ቁልፍ ብትቀበይ የዛሬው ሸራሽ መች ተሠራ?

ሠዓሊዋ፦ ራሱ የሠራስ? አፈወርቅ ተክሌ ቪላ አልፋን ንድፉን ራሱ አውጥቶ ሠራ። እዚሁ አሮጌው ኤርፖርት፣ የድሮው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ። መኖሪያውም፣ ስቱዲዮውም፣ ማሳያውም እዚያው ነበር።

መሐንዲሱ፦ አፈወርቅ ስንት ነው? የአፍሪካ አዳራሽን መስታወት የሠራ ሰው ነው። አንድ አፈወርቅ ራሱን ቻለ ብለን ለሌላው ቤት አያስፈልግም ልንል ነው?

ሠዓሊዋ፦ ዞማ ሙዚየምስ? መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ በ2011 መካኒሳ የከፈቱት። ጭቃን እንደዚያ ያከበረ ሕንፃ አላየሁም። እርስዎ የሚያፈስ ያሉት ጭቃ እዚያ ጌጥ ሆኗል።

መሐንዲሱ፦ ግሩም ነው፤ ግን የሁለት ሰው ጽናት ነው። ሁለት ጽኑ ሰዎች በየክፍለ ከተማው አይገኙም። የከተማ አስተዳደር ሥራ ደግሞ ጽኑ ሰው ሳይገኝም የሚሠራ ነገር መዘርጋት ነው።

ሠዓሊዋ፦ በ2000 ገደማ ደግሞ ፈረንሳይ ፓርክ ውስጥ ነፃ አርት ቪሌጅ ነበር። እኛ ተማሪ ሳለን የሚወራው ስለሱ ነበር። ሠዓሊያን ተሰባስበው የከተማው መናፈሻ ውስጥ ሠሩ፣ አሳዩ፣ ተጨቃጨቁ። አልዘለቀም።

መሐንዲሱ፦ መሬቱ የማን ነበር?

ሠዓሊዋ፦ የከተማው።

መሐንዲሱ፦ መብታቸውስ?

ሠዓሊዋ፦ እሱ ነዋ ጉዱ። ካዛንቺስ ፈንድቃን ያዩት የለ? መላኩ በላይ ያንን አዝማሪ ቤት የባህል ማዕከል አድርጎ፣ ዓለም ሁሉ አውቆት፣ በ2017 ሰፈሩ ሲነሣ አብሮ ተነሣ። ስም አይታደግም፣ ጋሼ። የሚታደግ ወረቀት ነው።

መሐንዲሱ፦ እንግዲህ እኔም የምልሽ እሱን ነው፤ ወረቀት ያለው፣ የማይሸጥ፣ የሚከራይ።

ሠዓሊዋ፦ አሁን ደግሞ እኔ ልፈትንዎት። ነርሷስ? መምህሩስ? ትራፊክ ፖሊሱስ? ለእኔ ለምን ቅድሚያ? እዚህ ቡና የምታፈላልን ልጅ ከእኔ በላይ ቤት ያስፈልጋታል።

መሐንዲሱ፦ ጥያቄሽ የሚገባ ነው። ኒው ዮርክ ላይ ማንሃታን ፕላዛ የሚባል አለ። ሁለት ሕንፃ፣ 1,689 ቤት። መጀመሪያ የተሠራው ለመካከለኛ ገቢ ነበር፤ ሰፈሩን ፈርቶ የሚገባበት ጠፋ፤ ከተማውም በዕዳ ተይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ምን አደረጉ? 70 በመቶውን ለተዋንያን፣ ለሙዚቀኞችና ለተወዛዋዦች፣ 15 በመቶውን ለአረጋውያን፣ 15 በመቶውን ለዚያው ሰፈር ነዋሪ ሰጡት። ኪራዩ ቁርጥ አይደለም፤ ከተከራዩ ገቢ በመቶኛ ይሰላል፣ ቀሪውን የፌዴራል መንግሥቱ ይሞላል። ገባሽ? ዘንድሮ ሥራ ያገኘ ብዙ ይከፍላል፣ ያጣ ትንሽ ይከፍላል። የወር ደመወዝ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ስሌት አላየሁም። እና እኔ ለልደታ ባስብ ሙሉ ብሎክ ለከያኒ አልሰጥም። ቡና የምታፈላውም፣ ከሰፈሩ የተነሣውም፣ ሸማኔውም ይግባ። የከያኒ ብቻ የሆነ ሕንፃ ደስ አይለኝም፤ እርስ በርሱ እየተሞጋገሰ ይሻግታል።

ሠዓሊዋ፦ (እየሳቀች) አይሳሳቱም! ግን ከያኒው ማን እንደሆነ ማን ይወስናል? ወረዳው?

መሐንዲሱ፦ ኧረ በስመ አብ! ወረዳው ከገባበት የካድሬ ልጅ ሁሉ ሠዓሊ ይሆናል።

ሠዓሊዋ፦ የሙያ ማኅበሩስ?

መሐንዲሱ፦ እሱም ቢሆን ጓደኛ ለጓደኛ ነው። እኔ ችሎታ አይመዘን ባይ ነኝ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሠርቶ ለሕዝብ ማሳየቱ ብቻ ይረጋገጥ፦ ትርኢት፣ መድረክ፣ መጽሐፍ፣ የተሸጠ ጥለት። ያንን ያለፈ ሁሉ ዕጣ ውስጥ ይግባ። ጎበዙን ዕጣ አይለየውም፤ ኮሚቴም አይለየውም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ወጣት ሳለ ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ፣ ያንን ረቂቅ ሥዕሉን ይዞ፣ ሁሉም እሺ ይለው ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ?

ሠዓሊዋ፦ እሺ። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ቤት የሰጠ አፍ ይዘጋል። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበረ፤ ቀበሌው ቤቱንም ይሰጣል፣ የሚዘፈነውንም ይነግራል ይባላል። ከዚያ በፊትም ክብር ዘበኛ ነበረ። ሙዚቀኛው ደመወዝ አለው፣ ካምፕ አለው፣ መሣሪያ አለው። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ግን ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ታሰረ። ዘፋኝ ነበር እኮ!

መሐንዲሱ፦ ይኸን ያነሣሽው ጥሩ ነው፤ እኔ አላነሣውም ነበር። የቆየ ነገር ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም 40 አርመን ልጆችን ሲያመጡ ማደሪያና ደመወዝ ሰጥተው ነው ያሳደሯቸው፤ የቤተ መንግሥቱን ማርሽ እንዲነፉ። ጌታ ያሳደረው ለጌታ ይነፋል። ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነበረች። የቤተ ክርስቲያን መሬት የያዘ ሰው አገልግሎቱን ወይ ራሱ ይወጣል ወይ ተተኪ ያቆማል። ማኅሌቱ የቆመው በዚያ መሬት ነው።

ሠዓሊዋ፦ ተተኪ ያቆማል! ይኸው እኛ ተከራይቶ ማከራየት የምንለው ጥንትም ነበራ።

መሐንዲሱ፦ ነበረ እንጂ! መሬቱን አንዱ ይበላል፣ ሌላው ይዘምራል። እና መልሴ ይኸ ነው፦ ካምፕ ደመወዝም ትእዛዝም ነው፤ ኪራይ ግን ውል ነው። ውሉ ላይ ካሬ ሜትሩ፣ ብሩና ጊዜው ይጻፍ። ስለምትሥዪው ነገር አንድ ቃል አይጻፍበት። ማስወጣት የሚቻለውም በፍርድ ቤት እንጂ በደብዳቤ አይሁን። ፍርድ ቤቱም ሩቅ አይደለም፤ ልደታ ነው ያለው።

ሠዓሊዋ፦ ይኸን ስሰማ ልቤ ሙሉ በሙሉ አያምንም።

መሐንዲሱ፦ አትመኚ። አለማመንሽ ውሉን በደንብ እንድታነቢው ያደርግሻል።

ሠዓሊዋ፦ ሌላ ልጨምርብዎት። ሰው ከገባ አይወጣም። እንኳን ከያኒ!

መሐንዲሱ፦ ይኸም ሆኗል። እዚያው ኒው ዮርክ ዌስትቤዝ የሚባል አለ። የስልክ ኩባንያ ላቦራቶሪ የነበረውን ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1970 ለከያኒያን መኖሪያና መሥሪያ አደረጉት። ያኔ ሀሳቡ ሰው ጥቂት ዓመት ኖሮ፣ ተቋቁሞ ይወጣል ነበር። ማን ይወጣል? ከተማው እየተወደደ፣ ቤቱ እየረከሰ! ኖሩበት፣ ወለዱበት፣ አረጁበት። ቪን ዲዝል የሚባለው የፊልም ተዋናይ ያደገው እዚያ ነው። የወረፋ መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘግቶ የተከፈተው በ2019 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት መመዝገብ እንኳ አይቻልም ነበር።

ሠዓሊዋ፦ ታዲያ እያባረሩ ይኑሩ? ሰባ ዓመት የሞላትን ሠዓሊ ውጪ ማለት ምን ዓይነት ነውር ነው?

መሐንዲሱ፦ አታባርሪም። እዚህ ላይ ነው እኔ ብዙ ያሰብኩት፤ ጡረታ ላይ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? መኖሪያውንና መሥሪያውን አንድ ክፍል ውስጥ አታስገቢያቸው። አንድ ሕንፃ ውስጥ አስገቢያቸው። ላይ መኖሪያ፣ ታች መሥሪያ። መኖሪያው ከሰውዬው ጋር ይሸብት፤ ውሉ ይታደስለት። መሥሪያው ግን ለአምስት ዓመት ነው። የሚሠራ ያድሳል፣ መሥራት ያቆመ ቁልፉን ለሚሠራ ያስረክባል፤ ቤቱን ግን አይለቅም። ሽታሽም ታች ይቀራል። የሸማኔው ጉድጓድ መሬት ላይ ይቆፈራል። ሸራሽ በጋራዥ በር ይወጣል። ከበሮ መቺው የማንንም ጣሪያ አይመታም።

ሠዓሊዋ፦ ጋሼ! ይኸ... ይኸ እኮ ይሠራል።

መሐንዲሱ፦ ግማሹ አሁንም አለ። ከተማው ለጥቃቅንና አነስተኛ ሼድ ይሠራል አይደል? የአምስት ዓመት ውልም እዚያ የታወቀ ነው፤ ተደራጅተህ ግባ፣ ሠርተህ ውጣ ነው መመሪያው። በውሉ የወጣው ስንት እንደሆነ ባይጠየቅም ይሻላል። ነገሩ ግን ቤት የሚሰጠው ቢሮ ሌላ፣ ሼድ የሚሰጠው ቢሮ ሌላ ነው። ሁለቱ አንድ ንድፍ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ስለዚህ ሰውየው ቤቱ የካ አባዶ፣ ሼዱ ልደታ ይሆንና ቀኑ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያልቃል።

ሠዓሊዋ፦ ገንዘቡስ? የምድር ቤቱን ሱቅ በጨረታ እየሸጣችሁ አይደል ግንባታውን የምትደጉሙት?

መሐንዲሱ፦ ያዝሽኝ። እውነት ነው፤ የምድር ወለሉ ሱቅ ነው ገንዘብ የሚያመጣው። ሁሉንም ለመሥሪያ ልስጥ ብል ሒሳቡ ይናጋል። ከአራት አንዱን ግን መተው ይቻላል። ደግሞ ከመሸጥ ማከራየት ይሻላል፤ ሱቅ አንዴ ተሽጦ ያለቀ ገንዘብ የዛሬ አሥር ዓመት ጣሪያ አይጠግንም። የሚከራይ ሱቅ ግን ላዩ ያለውን መኖሪያ እያደሰ ይኖራል። ያንን ቀድመን ካደረግን የቀበሌ ቤቱ ዕጣ ፈንታ አይደርሰንም።

ሠዓሊዋ፦ ይኸ ሁሉ አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ ነው። እኔ ደግሞ የምሥለው ዛሬ ነው።

መሐንዲሱ፦ ለዛሬው ኮሙናል አለልሽ።

ሠዓሊዋ፦ ኮሙናል?

መሐንዲሱ፦ ከብሎኮቹ መሀል ያለው ዝቅ ያለ ቤት። እኛ የሠራነው በግ እንዲታረድበት፣ እንጀራ እንዲጋገርበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ ለቅሶም ድግስም እንዲሆንበት ነው። አበሻ ፎቅ ላይ እንዴት ይኖራል ብለን ተጨንቀን። ስንቱ ቦታ ላይ ግን ወይ ተቆልፏል፣ ወይ ለመጋዘን ተከራይቷል፣ ወይ ዕቃ ተወርውሮበታል። በሩ ሰፊ ነው፣ ቤቱ መሬት ላይ ነው፣ ውኃ አለው። አንድ ሳይት ላይ ያሉት ኮሙናሎች ግማሹ እንኳ ለሠዓሊ፣ ለልብስ ሰፊ፣ ለሙዚቃ ልምምድ ቢሰጡ ምን ይጎድላል?

ሠዓሊዋ፦ ማን ይሰጠኛል? የእነሱ አይደለም፣ የእኔም አይደለም።

መሐንዲሱ፦ የባለቤቶቹ የጋራ ንብረት ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጁን፣ ቁጥር 370/1995ን አንብቢው፤ በጋራ መጠቀሚያ ላይ የሚወስነው የባለቤቶች ማኅበር ነው።

ሠዓሊዋ፦ እኔ እኮ ተከራይ ነኝ። ስብሰባው ላይ ድምፅ የለኝም። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ከያኒ ሁሉ ተከራይ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የሚኖረው። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራው ሳይት ላይ የሚኖረው የማይወስን፣ የሚወስነው የማይኖር ሆነ ማለት ነው።

መሐንዲሱ፦ እኔ ድምፅ አለኝ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሀሳቡን አቀርባለሁ። ሁለት ጎረቤት ስጪኝ ብቻ። የከሰሰችሽን ሴትዮም ጥሪልኝ።

ሠዓሊዋ፦ እሷን? ደግሞ ለምን?

መሐንዲሱ፦ ሽታው ከቤትሽ ወጥቶ ኮሙናል ቢገባ ከሁሉ በፊት የምትጠቀመው እሷ ናት። የመጀመሪያዋ ድምፅ የእሷ ይሆናል።

ጨዋታው በዚህ አበቃ። ጸሐፊው የሚጨምረው ሁለት ነገር ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት ባለቤት የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ሳይታችሁ ላይ ያለው ኮሙናል ለማን፣ በስንት፣ በማን ውሳኔ እንደተከራየ ማኅበራችሁን ጠይቁ፤ ተከራዮቹንም ስብሰባው ላይ አስገቧቸው። የከተማው አስተዳደር ደግሞ ገና ባልተጀመሩት የመልሶ ማልማት ቦታዎች ላይ፣ ከየሳይቱ አንድ ብሎክ እንኳ ሳይሸጥ በኪራይ ይያዝ፤ ታቹ መሥሪያ፣ ላዩ መኖሪያ ይሁን።